የላስታ ዝምድና በቆንስል ፊት

በላስታ ደጋ ዝምድና የፍቅር ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የመሬት ጉዳይም ነበር። በርስት ሥርዓት አንድ ሰው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ካለ ማሳ ድርሻ የሚያገኘው፣ አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን በሸንጎ ፊት ቆሞ በመቁጠር ነበር። ቆጠራው በአባትም በእናትም በኩል ስለሚሄድ ባለጉዳዩ የሚያውቀው ሐረግ አንድ ብቻ አልነበረም። ተሟጋቹ ከአቅኚው አባት ተነሥቶ እገሌ እገሌን ወለደ እያለ ሲወርድ ሽማግሎች ያዳምጣሉ፤ አንድ ስም ቢዘል ተቃራኒው ወገን ይይዘዋል። ከዚህም ሌላ የሥጋ ዘመዶች እንዳይጋቡ ቤተ ክርስቲያን ስለምትከለክል፣ ጋብቻ በታሰበ ቁጥር የሁለቱ ወገን ወላጆች እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር። ማንበብና መጻፍ የማትችል አሮጊት የሰባት ትውልድ መዝገብ በቃሏ ይዛ ትኖር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የታላላቆቹም ቤት ነገር ከዚህ የተለየ አልነበረም። ዋግ ሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ሲነግሡ ከዛጉዌ ነገሥታት መወለዳቸው ከመብታቸው መሠረቶች አንዱ ነበር። እኅታቸውን ያገቧቸው ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ግን በ1863 ዓ.ም. አሳም ላይ ድል ነሷቸው። የጋብቻ ዝምድና ከሥጋ ዝምድና እንደሚሳሳ የላስታ ሰው ከዚያ በፊትም ሳያውቀው አልቀረም።

ይህ ሁሉ በቃል የቆመ ማስረጃ ነበር። በቃል የኖረው ዝምድና ከጊዜ በኋላ ባሕር ተሻግሮ የሄደ ወንድም ወይም ልጅ የቀሩትን ለመውሰድ በተነሣ ጊዜ፣ በቆንስላ ጽሕፈት ቤት መስኮት በኩል ወረቀት ሆኖ እንዲቀርብ ተጠየቀ። የሙያ ባልደረቦች በየቢሯቸው የሚያገኙት ጉዳይ ከዚህ የመነጨ ነውና ታሪኩን ከሥሩ ማየት ይጠቅማል።

ወረቀቱ እንዳይኖር ያደረገው የገበሬው ቸልተኝነት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በክብር መዝገብ እንዲጻፉ በሰፊው ደንግጓል። ሆኖም በሕጉ ማብቂያ ላይ የሚገኘው ቁጥር 3361፣ በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣ ትእዛዝ ቀኑን እስኪወስን ድረስ መዝገቦቹ ሥራ ላይ እንዳይውሉ አቆያቸው። ያ ትእዛዝ ሳይወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አለፈ፤ ደርግም መጥቶ አለፈ፤ ከዚያም በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ተቆጠረ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ በኋላም ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። እንግዲህ ከዚያ በፊት በቡግና ወይም በገነተ ማርያም አካባቢ የተወለደ ሰው የልደት ምስክር ወረቀት ቢይዝ፣ ወረቀቱ ከልደቱ ብዙ ዓመት በኋላ በምስክር ቃል ላይ ተመሥርቶ የተሰጠ ነው። ቆንስሉም ይህን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም በወረቀቱ ብቻ አይረካም።

ከዚህ ላይ የዘመን መገጣጠም አለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ርስት ቀረ፤ መሬት በትውልድ ቆጠራ መጠየቁ ቀርቶ በገበሬ ማኅበር አማካይነት ለአባወራ የሚደለደል ሆነ። ሐረግ የመቁጠር ጥቅም በዚያው ቀነሰ፤ ከጋብቻ በቀር ልጅ ከአባቱ የሚማርበት ምክንያት ጠፋ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 1980 የተፈረመው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በሱዳን ለነበሩ ኢትዮጵያውያን መንገድ ከፈተ። እነዚያ ሰዎች መኖሪያ ካገኙ በኋላ እናታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ወንድማቸውን ሲጠይቁ የመጣው ጥያቄ ያው የድሮው የሸንጎ ጥያቄ ነበር፤ ማን ከማን ተወለደ? አገሩ ቆጠራውን መተው በጀመረበት ዘመን ባዕድ መንግሥት ቆጠራውን መጠየቅ ጀመረ።

የአሜሪካንም ሕግ ታሪክ በአጭሩ ማንሣት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1924 በወጣው ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር፤ ለላስታ ገበሬ መቶም ሆነ ሺህ ልዩነት አልነበረውም። ፕሬዚዳንት ጆንሰን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1965 በነፃነት ሐውልት ሥር የፈረሙት ሕግ ግን በአገር የሚመደበውን ኮታ አስቀርቶ የቤተሰብን ዝምድና ዋና መለኪያ አደረገ። እ.ኤ.አ. የ1990ው ሕግ ሥርዓቱን አስፍቶ በቁጥር ወሰነው። የአሜሪካ ዜጋ የትዳር ጓደኛ፣ ያላገቡና ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች፣ እንዲሁም 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ወላጆች ያለ ቁጥር ገደብ እንዲገቡ ሲፈቀድ፣ ለሌሎቹ የዝምድና ደረጃዎች በጠቅላላው 226,000 የቪዛ ቁጥር መነሻ ተደረገ። ከዚህ ውስጥ ለወንድምና ለእኅት የተመደበው ለመላው ዓለም 65,000 ነው። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣው ዲቪ ደግሞ ዘመድ የሌለውን ሰው አሻግሮ፣ እሱ ራሱ በተራው የሌሎች ዘመድ ጠሪ እንዲሆን አደረገው። ወንድሙን የጠየቀ ዜጋ ከአሥር ዓመት በላይ መጠበቁ የተለመደ ሆነ፤ ጥያቄው ሲቀርብ የወንድሙ ሕፃናት የነበሩ ልጆች ተራው ሲደርስ ጎልማሶች ሆነው ይገኛሉ።

እርግጥ ነው፣ ከሰሜን ወሎ የሚወጣው ሰው ብዙው የሚያቀናው ወደ አሜሪካ ሳይሆን ወደ ዐረብ አገር ነው። የሳዑዲ ዐረቢያ የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት ለቤት ሠራተኛይቱ ዘመዷን የምትጠራበት በር አልሰጣትም፤ ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚያ አገር ሲመለሱም ዝምድና የጠየቃቸው አልነበረም። ከላሊበላና ከዙሪያዋ አሜሪካና አውሮፓ የደረሱት ከነዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂቶች ናቸው፤ ከፊሎቹም አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ በኋላ ከበዛው ጎብኚ ጋር በተፈጠረ ትውውቅና ጋብቻ የሄዱ ናቸው። ጥቂት ቢሆኑም እያንዳንዳቸው በኋላቸው ሙሉ ቤተሰብ ያስጠብቃሉ።

ቆንስሉ የሚጠይቀው ቅጽ መጀመሪያ የሚያጋጨው በስም ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይላል፤ ኢትዮጵያዊው የአያቱን ስም ይጽፋል። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ቁጥር 32 ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ልማዱ ግን አልተቀበለውም። በዚህም ምክንያት አባትና ልጅ በቅጹ ላይ የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ይታያሉ፤ ከአንድ እናት ከተለያየ አባት የተወለዱ ወንድማማቾችማ የሚያገናኛቸው አንድ ፊደል እንኳ የለም። የቆየ ወረቀት ብዙ ጊዜ የአባትን ስም ብቻ ስለሚይዝ፣ በእናት በኩል ያለው ዝምድና ማስረጃ አጥቶ ይቀራል። በላስታ ሸንጎ የእናት ሐረግ ርስት ያስገኝ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ የሚያስገርም ነው።

ከስም ይልቅ የሚከብደው ዘመን ነው፤ ከዚህ ላይ ግን የቃሉ ማስረጃ ከወረቀቱ የተሻለ ሆኖ ይገኛል። አንዲት የላሊበላ እናት ስለ ሴት ልጇ ስትጠየቅ፣ "በቤዛ ኩሉ ዕለት ነው የወለድኳት፤ ከሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን በኋላ በሁለተኛው ሉቃስ" አለች እንበል። ጸሐፊው ይህን ሰምቶ ቀኑ አይታወቅም ይልና በግምት መስከረም 1 ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን እናቲቱ ምንም የተወችው ነገር የለም። ቤዛ ኩሉ በቤተ ማርያም የሚዜመው በገና ዕለት ነው፤ ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28፣ በሌሎቹ ዘመናት ታኅሣሥ 29 ይውላል። 1977 ዓ.ም. ዘመነ ማቴዎስ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ዘመነ ሉቃስ 1979፣ ሁለተኛው 1983 ነው። ልጅቱ የተወለደችው ታኅሣሥ 29 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ቀን 1991 ነው ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ደብዳቤም ሊያጸናው ይችላል፤ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ስለሆነ ጥምቀቷ መጋቢት 18 ወይም 19 ላይ ይወድቃል፤ ወንድ ቢሆን ኖሮ በአርባ ቀኑ ነበር። ማስረጃው እስከ ቀኑ ድረስ የተሟላ ነው፤ የጎደለው ያንን ማስላት የሚችል ጸሐፊ ነው።

ሌላው የዘመን ስሕተት የሚመጣው ከማስላት ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት መሆኑን ብዙ ሰው ይረሳል። በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ እ.ኤ.አ. የ1992 ልጅ ነው፤ በችኮላ ስምንት የደመረ ግን 1993 ያደርገዋል። በኋላ ፓስፖርቱ አንድ ዓመት፣ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ሌላ ዓመት ሲል፣ 21 ዓመት ከሞላውና ካልሞላው መካከል የሚለየው ወሰን በትክክል በዚያ ስሕተት ላይ ሊወድቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የልጆችን ዕድሜ የሚጠብቅ ሕግ በአሠራር መጓተት የባከነውን ጊዜ በከፊል ቢያካክስም፣ የተሳሳተ የልደት ቀንን አያርምም።

ከሁሉ የከበደው ልጅ የሚለው ቃል ነው። በላስታ ያሳደጉት ልጅ ነው። የእኅት ልጅ ልጅ ነው፤ የክርስትና ልጅ፣ የጡት ልጅ፣ የእንጀራ ልጅም እንዲሁ። በ1965ና በ1966 የወሎ ረኀብ፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት በየአክስታቸውና በየአጎታቸው ቤት አደጉ፤ ከዚያው ዓመት ጀምሮ መንግሥት ሕዝብ ወደ ደቡብና ምዕራብ አገር ሲያሰፍር ከወሎ የሄደው ሰው ከሁሉ ይበልጥ ስለነበረ፣ ከአባት እናታቸው ተለይተው በዘመድ እጅ የቀሩም ነበሩ። ባሳዳጊው ቤት እነዚህን ልጆች የወንድም ልጅ ብሎ መጥራት እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ሕፃኑን ከጎኑ መግፋት ይመስላልና። የአሜሪካ ሕግ ግን የእንጀራ ልጅን የሚቀበለው ጋብቻው የተፈጸመው ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ከሆነ ነው፤ በጉዲፈቻ የተያዘውንም በመሠረቱ 16 ዓመት ሳይሞላው በሕግ የተፈጸመና ሁለት ዓመት አብሮ መኖርና ማሳደግ የታየበት ሲሆን ነው። በፍቅር የተያዘ፣ በፍርድ ቤት ያልተጻፈ ልጅ በዚያ ሕግ ባዕድ ነው።

ይህ የቃል ልዩነት ምን ያህል እንደሚጎዳ የታየው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ የአሜሪካ መንግሥት ለስደተኞች ቤተሰብ በተከፈተው ልዩ መርሐ ግብር የሚያመለክቱ ሰዎችን፣ አብዛኞቹ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን የነበሩ 500 ያህል ሰዎችን፣ በናይሮቢ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ አስደረገ፤ ቀጥሎም ምርመራውን ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች አሰፋው። የተባለው ዝምድና በሙሉ የተረጋገጠው ከአምስት ቤተሰብ በአንዱ እንኳ አልነበረም፤ ለምርመራ ሳይቀርቡ የቀሩትም በዚህ ውስጥ ተቆጥረዋል። መርሐ ግብሩ በዚያው ዓመት ቆመ፤ እንደገና የተከፈተው የወላጅና የልጅ ዝምድና በዲ.ኤን.ኤ. እንዲረጋገጥ ተደርጎ በኦክቶበር 2012 ነው። ከወደቁት መካከል ቦታ የሸጡና የገዙ አልነበሩም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ያሳደገውን የሟች ወንድሙን ልጅ በሙሉ ልቡ ልጄ ያለ ሰውም ከነሱ ጋር በአንድ ሚዛን ተመዝኗል። ደም የሚለካ መሣሪያ ማሳደግን አይለካም።

ከዚህ ላይ የሙያው ሰው ኃላፊነት ይመጣል። በየፍርድ ቤቱና በየቀበሌው ደጃፍ የተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ፣ አንዳንዴም የተማረው ጠበቃ፣ ለባለጉዳዩ የሚያዝን መስሎት ነገሩን ያስተካክላል፤ የወንድምን ልጅ ልጅ ብሎ ይጽፋል፤ ዕድሜ ይቀንሳል፤ የተፈታች ሚስትን ይተዋል። ወረቀቱ ያምራል። ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። በማወቅ የተነገረ ሐሰት በአሜሪካ ሕግ ቪዛን ለዕድሜ ልክ ሊያስከለክል የሚችል ነው፤ ይቅርታ የሚፈቀድለትም ጥቂት ነው። ከዚያም በላይ አንድ ጊዜ ልጅ ተብሎ የተጻፈ የወንድም ልጅ ተመልሶ የወንድም ልጅ መሆን አይችልም፤ እውነተኛ ወንድሞቹን ለመጥራት ሲነሣ የራሱ ፋይል ይመሰክርበታል። የአንድ ቀን ብዕር የሃያ ዓመት የቤተሰብ መንገድ ይዘጋል።

ስለ ጋብቻም ጥቂት መባል አለበት። ዜግነት ያላገኘ፣ መኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው ሊጠራው የሚችለው ያላገባ ልጁን ነው፤ ልጁ ካገባ ጥያቄው ይፈርሳል። በላስታ ሴት ልጅን በለጋ ዕድሜ መዳር የቆየ ልማድ ነው፤ የክልሉ የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 ቢያደርገውም ሠርግ ሁልጊዜ ሕግን አይጠብቅም። አያት በደስታ የደገሰው ሠርግ አባት በዋሽንግተን ለዓመታት የጠበቀውን ተራ ሊያጠፋው ይችላል፤ ነገሩን ያወቁት ደግሞ ልጆቻቸውን ሳይድሩ ዓመታት ያቆያሉ። አባቲቱም ሆነ አባትየው በዚያ ማዶ የሚከፍሉት ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1997 ጀምሮ ጠሪው ገቢው ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ እንደሚደርስ አሳይቶ በሕግ የሚያስገድድ የድጋፍ ግዴታ መፈረም አለበት።

ብዙ ባለጉዳይ የማያውቀው፣ የሙያው ሰው ግን ሊያውቀው የሚገባ አንድ በር አለ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ደንብ ዋናው ማስረጃ የማይገኝ ሲሆን የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ቤት መዝገብን፣ እነዚህም ከሌሉ ጉዳዩን በቀጥታ የሚያውቁና ራሳቸው የማመልከቻው ባለጉዳይ ያልሆኑ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች በመሐላ የሚሰጡትን ቃል ይቀበላል። ይህ ከላስታ ሸንጎ ሩቅ አይደለም። ነገር ግን ለቆንስላ የሚላከው የምስክር ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መስመር ነው፤ እገሌ የእገሌ ልጅ መሆኑን እናውቃለን ይልና ማኅተም ይደረግበታል። እንዴት እንደሚያውቁ አይናገርም። የቀድሞው የርስት ምስክር እንዲህ ቢናገር ኖሮ ሽማግሎቹ ያስቀምጡት ነበር። ምስክሯ አዋላጅ ከነበረች ያንን ትበል፤ የክርስትና እናት ከሆነች የክርስትናውን ዕለትና ደብሩን ትጥቀስ፤ ቤዛ ኩሉንና ዘመነ ሉቃስን እንዳለች ትጻፍ፤ ስሌቱን ጸሐፊው ከሥሩ ያስቀምጥ። የወንድም ልጅ የሆነውም የወንድም ልጅ ተብሎ፣ ማን ከመቼ ጀምሮ እንዳሳደገው ተዘርዝሮ ይጻፍ። የጉዲፈቻ ስምምነት በጊዜው በፍርድ ቤት ይጽደቅ፤ ለውጭ ዜጎች የሚደረገው ጉዲፈቻ በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ከተከለከለ ወዲህ በዚያ በኩል የነበረው መንገድ እጅግ ጠብቧልና።

የቅርቡ ዘመን ደግሞ ወረቀቱንም ሰውንም ፈተነ። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2020 እስከ ፌብሩዋሪ 2021 በወረርሽኙ ምክንያት የወጣው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ትእዛዝ የአብዛኞቹን የዝምድና ቪዛዎች አገደ። እገዳው በተነሣ በስድስተኛው ወር፣ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. በመንግሥት ወገን ተይዛ፣ በታኅሣሥ እንደገና ተወስዳ በዚያው ወር ተመለሰች። መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋረጡ፤ በጋሸና የሚወጣው መንገድም የጦር ሜዳ ሆነ። ጥቅምት 26 ቀን 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ አስቸኳይ ሥራ የሌላቸው ሠራተኞቹ እንዲወጡ ታዘዙ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተማዪቱ እንደገና የውጊያ ቦታ ሆነች። የቀጠሮ ቀን ለደረሰው ሰው አዲስ አበባ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ያልራቀች፣ ግን የማትደረስ ከተማ ሆና ከረመች። በጦርነቱ በአማራ ክልል የብዙ መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ሲዘረፍና ሲቃጠል፣ በቀበሌ ማኅተም ላይ ብቻ የቆመ ማስረጃ የነበረው ሰው ወደ ምስክር ቃል ተመለሰ።

ምስክሩ ግን ዕድሜ አለው። በ1967 ዓ.ም. ርስት ሲቀር ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ በሸንጎ ቆሞ ሐረጉን የቆጠረ ሰው በ2017 ዓ.ም. ሰማንያ ዓመት ሞልቶታል። በብልባላም ሆነ በአሸተን እንዲህ ዓይነት ሽማግሎች በየዓመቱ ያልፋሉ፤ የሚያውቁት ሐረግ ከአብዛኞቹ ጋር ሳይጻፍ ተቀብሯል።